ወርቅ የሌለው ደብዳቤ

ባለፈው ጥር ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ ተቀምጬ የራሴን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ። ያወራው የነበረው በወጣትነቴ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ ጨዋ ናቸው፣ አንዷንም አስተምሬያታለሁ። ባልደረባዬ እያልሁ ልለፈው። ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማው፣ ያን ጊዜ እሱ ባይደርስልኝ ኖሮ አልቆልኝ እንደነበር ተናገረ። ሰው ሳቀ። አንዳንዱም እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ዝም አልሁ። ዝምታ የኖርሁበት ነገር ነው። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አልዋጥልኝ አለ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ። ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ፣ ባል ያላገባሁ፣ ሩሲያ ስድስት ዓመት ተምሬ ከተመለስሁ ሁለት ዓመት የሆነኝ የፊዚክስ መምህርት ነበርሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ደብር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ልጅ ሳለሁ ቅኔ አስተምሩኝ ብዬ ለምኛቸው፣ ሴት ልጅ ቅኔ ተቀኝታ ምን ልትሆን ነው ብለው ከለከሉኝ። በእልህ ቡሬ ከተማ ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። እልሁ እስከ ሩሲያ ወሰደኝ። ስሄድ አባቴ አልሸኙኝም። እዚያ ሳለሁ እናቴ ሞተች፤ አልነገሩኝም። ስመለስ ልጠይቃቸው ብሄድ ሱባኤ ገብተዋል ተባልሁ። ሱባኤ በማይገባበት ወር ነው የገቡት። እሳቸው እናቷን ያልቀበረች ልጅ ይሉኛል፤ እኔ የእናቴን ሞት የደበቁኝ አባት እላቸዋለሁ። እንዲህ ሆነን ስምንት ዓመት አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

አንድ ቀን እናኑ መጣች። እናኑ የአባቴ ጎረቤት ናት፤ ወገኖቿ አዊዎች ናቸው፣ በርበሬ ከቡሬ እየጫነች ጅጋ ገበያ ትሸጣለች። ስትመለስ ፍኖተ ሰላም ላይ እኔ ቤት አረፍ ትል ነበር። «አባትሽ ጠየቁኝ» አለችኝ። ምን ብለው አልኋት። «'ያች ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትማር የኖረችው ምንድን ነው?' አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! የመብራት ነገር ይመስለኛል አልኋቸው።»

የመብራት ነገር አልነበረም። የተማርሁት ብርቅ አፈር የሚባሉ ማዕድናት ከብረት ጋር ሲዋሐዱ በብርቱ የማግኔት ኃይል ውስጥ የሚያሳዩትን ጠባይ ነው። ይህን ለአንድ የቅኔ መምህር እንዴት ይጽፉታል? ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አባቴ የፈረንጅ ቃል አይወዱም፤ ስለዚህ አንድም የፈረንጅ ቃል ላለማስገባት ወሰንሁ። ማግኔት የሚለውን ቃል ራሱን አወጣሁት። እኛ በክፍል ውስጥ «መግነጢሳዊ መስክ» የምንለውን «መስክ» ብቻ አልሁት። አራት ገጽ ሞላሁ፤ ዋናው እንዲህ የሚል ነበር፦

«ብረትና ብርቅ አፈር ተዋሕደው ሲኖሩ አይለያዩም፣ ግን አንድ ወገን አያዩም። ብረቱ ወደ ምሥራቅ ቢያይ ብርቅ አፈሩ ወደ ምዕራብ ያያል። በደካማ መስክ ውስጥ ከሁለቱ የበረታው ይመራል፤ ሌላው ጀርባውን እንደ ሰጠ ይከተለዋል። በአንድ የቅዝቃዜ ልክ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ከውጭ ለሚያያቸው ኃይል የሌላቸው ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ብርቱ ነው። መስኩ ከልክ ሲያልፍባቸው ሁለቱም ማዘንበል ይጀምራሉ። መስኩ እጅግ ሲበረታ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይዞራሉ። እኔ ያጠናሁት በስንት ኃይል እንደሚዞሩ ነው። ስንሞክረው አንዳንዴ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ ሰው ግን አልተጎዳም።»

አሁን ሳነበው እኔም እስቃለሁ። በእኛ አገር ብረት ማለት ጠመንጃም እንደሆነ እንዴት ጠፋኝ? አልጠፋኝም፤ አባቴን ብቻ እያሰብሁ ስጽፍ ሌላ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ደብዳቤውን እናኑ ባዶ ስልቻዋ ውስጥ ጨምራ ሄደች።

ኬላ ላይ ተያዘች። ያን ሰሞን ሽፍታ በዛ እየተባለ መንገደኛ ሁሉ ይፈተሽ ነበር። ደብዳቤውን ያገኙት ጠባቂዎች ብረት የሚለውን አይተው ወደ ፍኖተ ሰላም መለሱት። እዚያ ያለው መቶ አለቃ የአገራችን ሰው ስላልነበረ አነጋገሩ ግራ ቢገባው የተማረ ሰው ያንብብልኝ ብሎ አስጠራ። የተጠራው ባልደረባዬ ነው። የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ጽሑፉ ስለ ፊዚክስ ነው ብሎ መመለስ ይችል ነበር። ቢያንስ አላውቅም ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን «ይህ ሰምና ወርቅ ነው» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት ሰሌዳው ላይ መስመር እየሳልሁ ሳለሁ ሁለት ታጣቂዎች ደጃፉ ላይ ቆሙ። ባልደረባዬ ከኋላቸው ነበር። ጠመኔውን ለተማሪዎቹ አለቃ ሰጥቼ ወጣሁ።

ያሰሩን የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ነው። በርበሬው ተሽጦ አልቋል፤ ብናኙ ግን ከግድግዳው አልለቀቀም። ስገባ እናኑ ታስነጥሳለች። ሳያት ልጆቿ ታወሱኝ። ስድስት ልጆች አሏት፤ እኔ የለኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ጽፈሽ ነው ያሸከምሽኝ?» አለችኝ።

«ስለ ብረት።»

«በዚህ ዘመን?»

«የማግኔት ብረት ነው እኮ።»

«ታዲያ የማግኔት አይሉም?» ብላ አስነጠሰች። ከዚያ በአዊኛ አንድ ነገር አለች። ምን ማለት ነው ብላት ለመሪጌታ ልጅ አይነገርም አለችኝ።

አመሻሹ ላይ መቶ አለቃው ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ብረቶቹ የት እንደተቀበሩ ጠየቀኝ። አልተቀበሩም፣ የሉም አልሁት። መስኩስ የማን መስክ ነው አለኝ። የማንም አይደለም፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ያለ ኃይል ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። ባልደረባዬ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ይህች የቅኔ መምህር ልጅ ናት። የቅኔ ቤት ልጅ ነገርን በቀጥታ አይናገርም። ኃይል የሌላቸው ይመስላሉ ያለችው ለጊዜው አድፍጡ ማለት ነው» አለ። መቶ አለቃው ወረቀቱን አገላበጠ። ነገ ከሰዓት መኪና ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚሄድ፣ ነገሩ እስከዚያ ካልጠራ እኔንም እናኑንም ከነደብዳቤው እንደሚጭነን ነገረኝ። «እዚያ ከገባችሁ በኋላ እኔ የለሁበትም» አለኝ። በዚያ ዘመን የዚህ ቃል ትርጉም ማንንም አይጠፋውም። ከዚያ ወደ ባልደረባዬ ዞሮ፣ ቅኔ ከሆነ ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይፍታው፣ የተጻፈለት ሰውዬ ራሱ ይምጣ አለ።

አባቴ ሊመጡ ነው ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከደብረ ማርቆስ ይልቅ የፈራሁት የእሳቸውን መምጣት ነው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። እስከ ቡሬ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው ያመጧቸው። ጥምጥማቸው አቧራ ጠጥቷል። አርጅተዋል። እኔን አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። መቶ አለቃው ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃ አቀረበላቸው። ዓርብ ነው ብለው ውኃውን መለሱ። በክር የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤዬን ተቀበሉ።

ከ«ይድረስ» ጀምረው እስከ ፊርማዬ ድረስ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ሲጨርሱ መልሰው ከመጀመሪያው ጀመሩ። መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ። ባልደረባዬ ተቁነጠነጠ። እኔ ጣታቸውን አይ ነበር፤ በየመስመሩ ሥር እየሄደ፣ አንዳንድ ቃል ላይ እየቆመ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ።

«ይህ መስክ ያልሽው ሣር ይበቅልበታል?» አሉኝ።

ከስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነው።

«አይበቅልበትም አባ። በዓይን የማይታይ ኃይል ያለበት ቦታ ነው።»

«ብረቱስ ይተኩሳል?»

«አይተኩስም። ያዘነብላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ባልደረባዬ ዞሩ። ትኩር ብለው አዩት። «አንተ፣ እኔ ዘንድ ዘጠኝ ወር ቆይተህ ጉባኤ ቃና ላይ ጥለህ የሄድህ አይደለህም?» አሉት። ጉባኤ ቃና የቅኔ መጀመሪያው ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የአባቴ ተማሪ እንደነበረ እኔም አላውቅም ነበር። ባልደረባዬ ለመቶ አለቃው የነገረው ቅኔ አዋቂ ነኝ ብሎ ነው። አንገቱን ደፋ።

«ወርቅ አለው ካልህ አውጣው እንጂ» አሉት።

ድምፁ ቀነሰ፤ ግን አወጣው። ብረት ጠመንጃ ነው፣ ብርቅ አፈር አገሯ ነው፣ ብርቱ መስክ ጦር ሜዳ ነው አለ።

«መልካም። ወርቁን ይዘህ ወደ ፊት ሂድ። ብረቱ ወደ ምሥራቅ ቢያይ ብርቅ አፈሩ ወደ ምዕራብ ያያል ይላል። በአንተ ወርቅ ምን ሆነ?»

ባልደረባዬ ደብዳቤውን ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«እኔ ልንገርህ። ሽፍታው ለአገሩ ጀርባውን ሰጠ ማለት ሆነ። ይህንንማ ራዲዮናችሁ በየቀኑ ይለዋል። ልጄን ልታስራት ነው ወይስ ልትሸልማት?»

መቶ አለቃው አፉን በእጁ ሸፈነ። ባልደረባዬ ፊቱ ቀልቶ፣ ኃይል የሌላቸው ይመስላሉ የሚለውስ ብሎ ጠየቀ።

«ከፊቱ ያለውን አንብብ። በአንድ የቅዝቃዜ ልክ ይላል። ጠመንጃ የሚሸፍተው ሲበርደው ነው?»

ከበሩ ውጭ የቆመው ታጣቂ ሳቀ። መቶ አለቃው ግን ሥራው ሥራ ነውና ወዲያው ኮስተር አለ። «መሪጌታ፣ የእሱን ወርቅ አፈረሱት። ይህ ማለት ግን ሌላ ወርቅ የለውም ማለት አይደለም። እርስዎ አባቷ ነዎት፤ ሊደብቁላት ይችላሉ። የቅኔ መምህር ልጅ ቅኔ ሳትችል ቀረች ቢሉኝ እንዴት አምናለሁ?»

አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሰው አላደረጉትም።

«ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አስተምሩኝ አለችኝ» አሉ። «ከለከልኋት። ከዚያ በኋላ ክረምት ክረምት ከጎጆው ግድግዳ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ዝናቡ ይመታታል። እኔ አውቅ ነበር። ተማሪዎቹ ቤት መምታት አቅቷቸው ሲንተባተቡ እሷ ከውጭ ሆና ቀስ ብላ ትሞላዋለች። ከሁሉም ትበልጥ ነበር። ግቢ አላልኋትም። ሴት ናት ብዬ በዝናብ አቆምኋት።» ደብዳቤውን ወደ መቶ አለቃው ዘረጉ። «ይህ ደብዳቤ ወርቅ የለውም፣ መቶ አለቃ። ሰም ብቻ ነው። ወርቅ እንዳይኖረው ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሰው ያልሰጡትን ከየት ያመጣል? ለእሷ ምስክር ቢጠፋ፣ የበደልኋት በደል ይመስክርላት።»

እኔ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተከልሁ። ያን ዝናብ አስታውሰዋለሁ። የሚያውቅብኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ይህን ቂም ከሃያ ዓመት በላይ ለብቻዬ የያዝሁት መስሎኝ ነበር። እሳቸውም ይዘውት ኖረዋል።

መቶ አለቃው ደብዳቤውን አጥፎ ማኅደር ውስጥ ከተተው። በመጨረሻ ባልደረባዬን፣ «ሁለቱም ተለቀዋል ብለህ ጻፍ» አለው። ባልደረባዬ ጻፈ፤ መቶ አለቃው ፈረመ። በየሰርጉ ደረስሁላት የሚለው ይህችን ወረቀት ነው። እጁ ጽፏታል፤ አልዋሸም። ማን እንዳስጻፈው ግን አይናገርም።

ደብዳቤው ማኅደር ውስጥ ቀረ። ስንወጣ መቶ አለቃው ጠራኝና፣ ለመሆኑ ያ ነገር ለምን ይጠቅማል አለኝ። እስካሁን በትክክል እንደማይታወቅ ነገርሁት። ራሱን ነቅንቆ በሩን ዘጋ።

ከከተማው መውጫ ወደ ቡሬ የሚሄድ መኪና ልንጠብቅ አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። እናኑ እጇንና ፊቷን ልትታጠብ ወደ ወንዙ ወረደች። እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ደብዳቤው እንዳልተመለሰላቸው አስታውሼ፣ ሌላ እጽፍልዎታለሁ አልኋቸው።

«ለምን?» አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ከ«ይድረስ» እስከ ፊርማዬ፣ አንድ ቃል ሳይጥሉ፣ በቅኔ ቤት ድምፅ አነበነቡት። አራቱን ገጽ። ሩሲያ አገር ሦስት መምህራን ካነበቡት በኋላ መደርደሪያ ላይ የቀረው የስድስት ዓመት ሥራዬ በጎጃም መንገድ ዳር በዜማ ተባለ። ሁለት ጊዜ ያነበቡት በቃላቸው ለመያዝ ነው፤ እንደማይመልሱላቸው ገና ሲቀበሉት አውቀዋል።

ሲጨርሱ «ያዘነብላሉ ያልሽው ልክ ነው? ይጎብጣሉ ማለትሽ አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይደለም አባ። የጎበጠ አይመለስም። እነዚህ መስኩ ሲነሣላቸው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ልክ ነው።» ትንሽ አሰቡ። «እንዲያ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ስንት ዓመት ይቆያሉ?»

«ብርቱ መስክ ካልመጣባቸው ለዘለዓለም።»

መንገዱን አዩ። «መጣባቸዋ» አሉ።

ከዚያ ያዙኝ። እቅፍ አላውቅባቸውም፤ እጄን ነው የያዙት፣ የእጄን አንጓ፣ ሕፃን ወንዝ ሲያሻግሩ እንደሚይዙት። አለቀስሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናንተ ነገርኋችሁ።

እናኑ ተመልሳ ስታየን አልተገረመችም። «ከእንግዲህ ከአባትሽ ጋር ማውራት ስትፈልጊ በእግርሽ ሂጂ፤ እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ» አለችኝ። ሄድሁም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት ያህል ሄድሁ። ያን ጊዜ ወደ ሩሲያ ተመልሼ ዶክትሬቴን እንድቀጥል ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ አልተከታተልሁትም። አንዳንዱ ሰው ዕድሏን አበላሸች ይለኛል። ይበል። አባቴ በጎጆው ውስጥ፣ ከተማሪዎቻቸው ፊት አስቀምጠው ቅኔ አስተማሩኝ። አልጎበዝሁም፤ በዘጠኝ ዓመት የሚገባ ነገር በሠላሳ ሦስት እንዲሁ አይገባም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆምሁ። ከባልደረባዬ ግን በአንድ እበልጣለሁ።

ሁሉም ነገር ተጠገነ አልላችሁም። የእናቴን ሞት ለምን እንደደበቁኝ ጠይቄያቸው አልመለሱልኝም፤ መልሱን ይዘው ሄዱ፣ እኔም ቂሜን ይዤ ቀረሁ። ሁለቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ፍቅሩም ቂሙም። ቅዳሜ ሲሆን አሁንም እግሬ ወደ መናኸሪያ ሊሄድ ይነሣል።

ባልደረባዬ ይህን ካነበበ በሚቀጥለው ሰርግ አስተካክሎ ያውራው። እናንተ ደግሞ ልጅ ያላችሁ፣ ከልጃችሁ የከለከላችሁት፣ ከልክላችሁም የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩት። አባቴ በድያታለሁ ለማለት ሃያ ዓመት ቆዩ፤ ያውም በታጣቂ ተይዘው መጥተው ነው። እናንተ መቶ አለቃ እስኪያስጠራችሁ አትጠብቁ።